«ማነው?» የማይለው ዘበኛ

ጎንደር ውስጥ የሰው በር አንኳኩቶ ወዲያው መግባት የለም። «ማነው?» ይባላል። «እኔ ነኝ።» «አንተ ማን?» «የእትዬ ልጅ ነኝ።» «የትኛዋ እትዬ?» የአባት ስም፣ የሰፈር ስም፣ አንዳንዴም የክርስትና ስም ተጠይቆ፣ በቀዳዳው ጫማው ታይቶ፣ ውሻው ታስሮ ነው መቀርቀሪያው የሚነሳው። ከዚያው በር ራስ ላይ ግን እንቁላል የምታህል ነጭ ካሜራ ተሰቅላለች። እሷ «ማነው?» አታውቅም። ከማራኪ ሰፈርም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ ስሙን «አድሚን»፣ የአባቱን ስም «12345» ያላትን ሁሉ «ቤት ለእምቦሳ» ብላ ጓዳ ድረስ ታስገባዋለች።

የፋሲል ግቢን ያጠሩት ሰዎች ይህን ስህተት አልሠሩም። 900 ሜትር በሚዞረው ግንብ ላይ 12 በር አውጥተው ለየበሩ ስም ሰጡት፤ ወንበር በር የዳኞቹ፣ እምቢልታ በር የነፊዎቹ። ማን በየት እንደሚገባ ይታወቅ ነበር። ካሜራዋም በሮች አሏት፣ ስማቸው ግን ቁጥር ነው። 80 በብራውዘር ተገብቶ ማስተካከያው የሚነካካበት ነው። 554 ምስሉ የሚፈስበት ነው። 23 ደግሞ ቴልኔት ይባላል፤ አንዳንድ ፋብሪካ ለራሱ ሠራተኞች ከፍቶት ሳይዘጋው የሄደ የጓሮ በር ነው።

በዚህ በጓሮው በር ነው በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የተባለው የኮምፒውተር ተባይ የገባው። ጠላፊ ሲባል ኮፍያ ደፍቶ ጨለማ ውስጥ የሚተይብ ሊቅ ይመስለናል። ሚራይ የያዘው 60 ገደማ የፋብሪካ ስምና ፓስወርድ ብቻ ነበር፤ እንደ ቆሎ ተማሪ ከቤት ቤት እየዞረ ያንኑ ይደግማል። በዚህ ብቻ፣ በበረታበት ጊዜ፣ 600,000 ያህል ካሜራ፣ መቅጃ ሳጥንና ራውተር አሰለፈ። ኦክቶበር 21 ቀን የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻቸው የሚመራውን ዳይን የተባለ ኩባንያ እነዚሁ መሣሪያዎች አጨናነቁትና ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። ዶሮ ሌባ ልትጠብቅ የተገዛች ካሜራ አሜሪካ ድረስ ዘምታ ስትዋጋ ባለቤቷ አያውቅም። ቢበዛ «ዛሬ ኔቱ ዘገየ» ይላል።

የሚራይ አንድ ደግነት፣ የሚኖረው በመሣሪያው ጊዜያዊ ማህደር (ራም) ላይ ብቻ መሆኑ ነው። መሣሪያው ጠፍቶ ሲበራ ይሞታል። መብራት መጥፋት ለሰው ጠቀመ የሚባልበት ጊዜ ቢኖር ይኸው ነው። ግን ደስታው አጭር ነው፤ ፓስወርዱ ያው ከሆነ መብራት በመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይገባል።

ከተባዩ ይልቅ የሚያሰጋው ግን መርፌው ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እስኪነሳና መስመሩን እስኪያገኝ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ይህን የሚታገሥ ቤት የለም። አንዱ «ልጁን ጥሩት» ይላል፤ ልጁ የእናቱን መርፌ ይዞ ይመጣና ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ቀዳዳ 10 ሰከንድ ይወጋል። መብራቶቹ በሙሉ ብልጭ ሲሉ «ተሠራ!» ይባላል። የተሠራው ሥራ ፓስወርዱን ወደ ፋብሪካው መመለስ፣ የተዘጋውን ሁሉ መክፈት ነው። ባለፈው ዓመት ባለሙያ ተከፍሎት ያሰረውን በር ልጁ በነጻ ፈታው። ኔት ሲያስቸግር መሰኪያውን ነቅሎ 30 ሰከንድ ቆይቶ መመለስ ይበቃል፤ መርፌው ወደ መስፊያው ይመለስ።

ካሜራ የሚሰቅለውን ሰው «ገጣሚ» እንለዋለን፤ እውነትም ገጣሚ ነው፣ ሥራው ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ «እትዬ፣ ይኸው ከስልክዎ ሆነው ግቢዎን ያዩታል» የሚለው ነው። ወርቁ መተግበሪያው የተከፈተው በእሱ ስልክ ቁጥር መሆኑ ነው። ካሜራዋ የምታውቀው ጌታ እሱን ነው፤ ባለቤቲቱ «የተጋራች» እንግዳ ናት። ገጣሚው ክፉ ሰው መሆን የለበትም፤ የስልኩ መጥፋት ብቻ የሠላሳ ቤት ግቢ አብሮ እንዲጠፋ ያደርጋል። ወርቁን የምታወጣው አንዲት ጥያቄ ናት፦ «አንተ፣ በማን ስም ነው የተከፈተው?» ማየት ከተፈለገ መተግበሪያው ላይ «ባለቤት» ወይም «የተጋራ» የሚል ጽሑፍ አለ። መፍትሔው እሱ ከራሱ መለያ ካሜራዋን እንዲሰርዝ ማድረግ፣ ከዚያ የካሜራዋን ሪሴት ቁልፍ ድምፅ እስክታሰማ ተጭኖ በራስ ቁጥር እንደ አዲስ መመዝገብ ነው። ሪሴቱ ብቻውን ለብዙዎቹ አይበቃም፤ ፋብሪካው ሰርቨር ላይ ጌታዋ አሁንም እሱ ነው። ሆዷ ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድም «አዲስ ካሜራ ገዛን» ብሎ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ፣ ቁልፍን ከበሩ ጋር ፎቶ እንደማንሳት ነው።

ጓዳና ሳሎን መለየት ለእኛ ማንም አያስተምረንም። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ጓዳውን የሚያየው የቤት ሰው ነው። ራውተሩም ይህን ያውቃል፤ ማስተካከያው ውስጥ የእንግዳ ዋይፋይ የሚባል አለው። ካሜራውን፣ ስማርት ቴሌቪዥኑን፣ የቻይናውን አምፖል እዚያ አስቀምጦ ስልክና ኮምፒውተርን በዋናው መተው ነው። ዩፒኤንፒ የሚለውንም ማጥፋት። እሱ ካሜራዋ ባለቤት ሳታማክር ከራውተሩ ጋር ተስማምታ ወደ ውጭ በር የምትከፍትበት ውል ነው። ፈርምዌር፣ ማለትም ካሜራዋን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሳት ሶፍትዌር፣ የሚታደሰው ደግሞ መብራት በሚታመንበት ሰዓት ነው፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ካሜራዋ ዓይን ያላት ድንጋይ ሆና ትቀራለች።

ቡና ሲፈላ ሌላ ጥበብ ይታያል። የሳሎኗ ካሜራ ላይ ነጠላ ጣል ይደረግና ሐሜቱ በሰላም ይቀጥላል። ዓይኗ ተሸፈነ፤ ጆሮዋስ? ማይክሮፎኗ በነጠላ ውስጥ አጥርቶ ይሰማል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክትም ዓይናቸውን አፍጥጠው ቁልቁል ያያሉ፤ ያዩትን ግን ሰርቨር ላይ አይጭኑም። ድምፁን ከማስተካከያው ማጥፋት፣ ከዚያ አጨብጭቦ ቅጂውን መልሶ ማዳመጥ ነው ማረጋገጫው። ከውጭ ዘመድ የሚልከው አሻንጉሊትም ከዚህ ወገን ነው። ካይላ የተባለችውን ተናጋሪ አሻንጉሊት የጀርመን ቴሌኮም ተቆጣጣሪ በፈረንጆቹ 2017 የተደበቀ የስለላ መሣሪያ ብሎ አግዷታል፤ ብሉቱዟ ጥያቄ ስለማይጠይቅ አጠገብ ያለ ስልክ ሁሉ በእሷ አፍ ልጁን ማነጋገር ይችል ነበር። እኛ ጋ ቢሆን መጀመሪያ ጠበል ትወሰድ ነበር።

ሌባ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። መቅጃው ውስጥ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ከደከመች መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ጠፍቶ ወደ መነሻው ዓመት ይመለሳል፤ ሌባው በፈረንጆቹ 1970 ገብቶ ተገኘ ይባላል። ባትሪዋ ደህና ብትሆን እንኳ ቀሪው የእኛው ሰዓት ነው። ስክሪኑ ላይ 02:14 ይላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ማለት ነው፤ ቤተሰቡ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ ያነባል፤ ጠዋት 2 ሰዓት በር ላይ የሚቆመው ደግሞ ወተት አመላላሹ ነው። ምስኪን ሰውዬ ሦስት ቀን ወተቱን አጥር ላይ አስቀምጦ እየሸሸ ይሄዳል።

ሕጉም አልተኛም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በእኛው አቆጣጠር በ2016 ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት እንግሊዝ ለሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ሰጥቶ መሸጥን ከልክላለች። ቅዳሜ ገበያ የምትሸጠው ካሜራ ግን ይህን ገና አልሰማችም።

እንግዲህ ባለቤቲቱ ሁሉንም አደረገች እንበል። ገጣሚውን አስሰረዘች፣ ባትሪ አስቀየረች፣ ባለ 14 ፊደል ፓስወርድ አወጣች፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል ቀላቅላ። ለዚህ ድካም ቡና ተፈላ። ጎረቤት በአቦሉ «እቴ፣ ዋይፋዩ ዛሬ እምቢ አለኝሳ!» አለች። በቶናው ተነገራት። በረካው ሳይቀዳ ከአጥሩ ጀርባ የልጅ ድምፅ ተሰማ፦ «እትዬ! ኤቿ ትልቋ ናት ትንሿ?»