የህንዱ ፊልም «ቤል ቦተም» የእውነት ታሪክ ነው?

ወንድሜ፣ «ፊልሙ የሆነውን ነው የሚያሳየው፤ የተጠለፈውን አውሮፕላን ተሳፋሪዎች ዱባይ ላይ ያዳኑት የህንድ ሰላዮች ናቸው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም።

መነሻው እውነት ነው። ነሐሴ 1984 (እ.ኤ.አ.) የህንድ አየር መንገድ በረራ 421 ከዴልሂ ወደ ስሪናጋር ሲሄድ ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ሰባት ወጣት ሲኮች (የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) ነበሩ። አውሮፕላኑ ላሆር፣ ከዚያ ካራቺ፣ በመጨረሻም ዱባይ አረፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አሜሪካ መሄድ ነበር የፈለጉት።

የፊልሙ መሪ ተዋናይ አክሻይ ኩማር በአሸዋ አውሎ ንፋስ ውስጥ የሚያደርገው ትንቅንቅ ግን የደራሲዎቹ ፈጠራ ነው። ዱባይ ላይ የተደረገው ድርድር ነው። ያኔ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሼክ መሐመድ ቢን ራሺድ ራሳቸው ገብተውበታል። ጠላፊዎቹ እጃቸውን ሰጡ፤ ተሳፋሪዎቹም በሰላም ወጡ። ይህን ድካም ለሌላ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም።

ለነገሩ እውነተኛው ታሪክ ከፊልሙ ይበልጥ ልብ ይነካል። የአሁኑ የህንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጃይሻንካር ያኔ ወጣት ዲፕሎማት ነበሩ፤ ጠለፋውን በሚከታተለው ቡድን ውስጥ ይሠሩ ነበር። «ጠለፋ ስላለ ቤት መምጣት አልችልም» ለማለት እናታቸው ጋ ደወሉ። በኋላ ነው አባታቸው እዚያው አውሮፕላን ውስጥ መሆናቸውን ያወቁት። ይህን በ2024 (እ.ኤ.አ.) ጄኔቫ ላይ ራሳቸው ተናግረዋል። በአንድ በኩል መንግሥት፣ በሌላ በኩል ቤተሰብ። እኔ ብሆን ፊልሙን ከዚያች ስልክ ነበር የምጀምረው።