ኅትመት ሁሉ ቅጂ አይደለም
እዚህ የወጣው ጽሑፍ የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የአር ሲ ጎርማንን የናቫሆ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ) ሴት ሥዕል «ኅትመት ስለሆነ ያው ቅጂ ነው» ይላል፤ ይህ ልክ አይደለም። ዴንቨር ፍሬም ቤት ነው የምሠራው፤ የእሱ ሥራዎች በእጄ አልፈዋል። ሊቶግራፍ የሚባለው የእሱ የድንጋይ ኅትመት ያለቀ ሥዕል ፎቶ አንስቶ ማባዛት አይደለም። ሠዓሊው ቅባት ባለው እርሳስ ድንጋይ ላይ ይሥላል። ድንጋዩ ሲረጥብ ቀለሙ ቅባቱ ላይ ብቻ ይይዛል፣ ከዚያ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያ ይጫናል። ሌላ ቦታ የተቀመጠ «ዋናው» የሚባል የለም። ደግሞ ጎርማን ከውጭ መጥቶ የሣለ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 አሪዞና፣ ቺንሊ የተወለደ ናቫሆ ነው፤ አያቱም አሳድገውታል። ሥዕሉ ላይ ያለችው፣ ማጅራት ላይ በነጭ የሱፍ ክር የምትታሰር የፀጉር ቋጠሮ ልጅ ሆኖ ሲያያት ያደገ ናት። ከላይ በአስተያየትሽ «እኔም አንድ ገዝቻለሁ፣ ተሸወድኩ ማለት ነው?» ያልሽው እህቴ፣ አትደንግጪ። አጉሊ መነጽር ያዢና ሥዕሉ ላይ ያለችውን ሴት የብርድ ልብስ ጠርዝ እዪው። ተደርድረው የተቀመጡ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካየሽ ፖስተር ነው፤ የእሱ ፖስተር ደግሞ በሽ ነው። መስመሩ ጠመኔ ሻካራ ግድግዳ ላይ እንደሚተወው የተቆራረጠ፣ ያልተስተካከለ ከሆነ ግን ጥሩ ምልክት ነው። ከሥር በእርሳስ የተጻፈ እንደ 40/150 ያለ ቁጥርም ፈልጊ፤ አርባኛው ከመቶ ሃምሳው ማለት ነው። ፊርማ ብቻውን አይበቃም፣ ፖስተርም ይፈረምበታል።