«አንዴ ጠቅ ብቻ!»

ዛሬ ልተንፍስ። ረጅም ነው፤ ቡና ያፈላችሁ ስኒያችሁን ይዛችሁ ኑ።

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው፤ በተለይ ሰርግ። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው ብሎክ ላይ ነው። ቅዳሜና እሁድ የሚባለውን ነገር በስም ነው የማውቀው። እናንተ ዓርብ ማታ «እፎይ» ስትሉ እኔ ባትሪ እሰካለሁ፤ መብራት ካለ። ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ሙሽሪት ፀጉሯን ስትሠራ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። እሁድ መልስ አለ። ጥር ከገባ እናቴ እኔን የምታየኝ የሰው ሰርግ ላይ ከተጠራች ብቻ ነው።

እረፍቴ ሁዳዴ ነው። 55 ቀን ሙሽራ የለም። ሌላው በጾም ይከሳል፣ እኔ እንቅልፍ እጠግባለሁ።

ዘንድሮ ታዲያ ባህር ላይ ወሰንኩ። 34 ዓመቴ ነው፣ ባህር አይቼ አላውቅም። ባህር ዳርን አይቻለሁ፤ እሱ ስሙ ነው። ከጥር ሰርጎች የተረፈችውን ቆጥቤ የሞምባሳ ቲኬት ቆረጥኩ። ዓርብ ሄዶ ሰኞ መመለስ። አንድ ካሜራ፣ ሁለት ሌንስ። ለማንም ሳይሆን ለራሴ ላነሳ። ሙሽራ የለ፣ ሚዜ የለ፣ «እኔን አላነሳኸኝም» ብሎ የሚያኮርፍ አጎት የለ።

ጣጣው የጀመረው ገና ደረጃው ላይ ነው።

ሻንጣዬን ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ጎረቤቴ ብቅ አለ። «ወዴት ነው?» ሞምባሳ አልኩት። እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት። «ሆሳዕና» ብለው ኖሮ በሰላም እወርድ ነበር። «ሞምባሳ! በቃ ባህሩን አሪፍ አድርገህ አንሳና ላክልኝ፣ ፕሮፋይል አደርገዋለሁ።» እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ያስከፍላል?

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ደግሞ ድምፃችንን ሰምታ በር ከፍታ እየጠበቀችኝ ነበር። ልጇ ቅዳሜ ልደቷ ነው።

«አንዴ ጠቅ አድርገህልኝ ብትሄድ?»

«ቅዳሜ እኮ የለሁም።»

«ታዲያ አሁን አንሳትና ቅዳሜ ነው እንላለን።»

ልብ በሉ፣ ዓርብ ነው፤ ኬክ የለም። ሕፃኗ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳለች። እናትየው በአንድ እጇ ዩኒፎርሙን እያወለቀች በሌላው ነጭ ቀሚስ ታጠልቅላታለች። ዳቦ ላይ ሻማ ተተከለ። «ዳቦው እንዳይታይ፣ ሻማው ብቻ ይታይ» ተባልኩ። ታች የጠራሁት መኪና ክላክሱን ያስጮሃል። ካሜራውን ከቦርሳ አወጣሁ፣ ሌንስ ቀየርኩ፣ ፍላሽ ሰካሁ። ልጅቷ ሻማዋን እፍ አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች። «ድገማት።» ተደገመ። «ከአያቷ ጋር።» አያቷ ነጠላ ፍለጋ ገቡ። አንዴ ጠቅ ያልኩት 41 ጊዜ ሆነ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ካርዱ ላይ አለ።

ምድር ቤት ያሉት እማማ በራቸው ላይ ሽሮ እያሰጡ ነበር። ምንም አልጠየቁኝም። «በሰላም ያግባህ ልጄ» ብለው መረቁኝና አለፍኩ። ዓይኔ እንባ ሊያቀር ምንም አልቀረው።

በጎሮ በኩል ቦሌ እስክደርስ የፈጀብኝን ጊዜ አልናገርም፣ ደሜ ይፈላል። ከቦሌ ሞምባሳ ግን ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። እሷም ብትሆን ያለ ሥራ አላለፈችም። መሳፈሪያው በር ላይ የቆሙ ወጣቶች ካሜራዬን አይተው «ወንድማችን፣ አንዴ ጠቅ ታደርገን?» አሉኝ። ስልካቸውን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። «አይ፣ በአንተው። በኋላ በቴሌግራም ትልክልናለህ።» በማላውቃቸው ሰዎች ቴሌግራም! ደግሞ «በፋይል ላከው፣ ጥራቱ እንዳይወርድ» ብለው አስጠነቀቁኝ። ይህቺን ያወቁ ናቸው። በፋይል ካልተላከ ቴሌግራም ፎቶውን ይጨምቀዋል። በፋይል ሲላክ ደግሞ የሚሄደው የእኔ ዳታ ነው። ሄደላቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጁ የድመት ጆሮ ለጥፎበት ስቶሪ ላይ አየሁት።

እንግዲህ ይህቺን «ጠቅ» የምትባል ነገር ላስረዳችሁ። ጣቴ ሹተሩን የሚጫነው ለቅጽበት ነው፤ እሱ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል፣ ምትኬ ይያዝለታል። ከ41 ውስጥ ዓይን ያልጨፈነበት ይመረጣል። ቀለሙ ይስተካከላል፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይ የተነሳ ሰው ሁሉ ፊቱ አረንጓዴ ስለሚመስል። ከዚያ ነው የሚላከው። ሹተሩም ቢሆን እንደ ጎማ ያልቃል፣ አምራቹ ራሱ ይህን ያህል ጊዜ ይሠራል ብሎ ነው የሚሸጠው። ታክሲ ነጂ «አንዴ ጎማህን አሽከርክርልኝ፣ እስከ አቃቂ ብቻ» ይባላል? አይባልም። እኔ ግን እባላለሁ።

ሞምባሳ ደረስኩ። ወበቁ በር ላይ ነው የሚቀበላችሁ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፣ አየሩ እንደ ጠላ ቤት ጓዳ እርጥብ። እኛ 2,300 ሜትር ላይ ያደግን ሰዎች እዚያ ስንወርድ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ይጣበቃል።

ለጠዋቷ ፀሐይ ብዬ 11 ሰዓት ተነሳሁ። ሞምባሳ ፊቷ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ባህሩ ላይ ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አትገባም። ይህንን ለጎረቤቴ ማስረዳት አልቻልኩም፣ ሌሊቱን ሙሉ «ጀምበር ስትጠልቅ ያለውን ላክልኝ» እያለ ይጽፋል። ካሜራዬን ይዤ ሮጥኩ፣ አሸዋው ላይ ቆምኩ። ሰማዩ ቀላ። ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ነጭ! ምንም የለም። ለካ ክፍሉ ውስጥ ኤሲ ሲነፍስበት ያደረ ሌንስ ወደ ወበቁ ሲወጣ ያልበዋል፣ ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ የለስላሳ ጠርሙስ። በሸሚዜ ብጠርገው ተመልሶ ያልበዋል። መድኃኒቱ ካሜራውን በታሰረ ፌስታል ውስጥ እንዳለ ውጭ አስቀምጦ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው፤ እኔ ይህን የተማርኩት ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ነው። እዚያ ደግሞ ከምድር ወገብ 4 ዲግሪ ብቻ ስለሚርቅ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ያቺ ለስላሳ ብርሃን ሳትጠግቧት ታልቃለች። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣች፣ ሌንሴ ጭጋጉን ሲለቅ ብርሃኑ ደርቋል።

የሁለተኛውን ቀን ግን አገኘኋት። ክፍሉን ኤሲ አጥፍቼ በላብ አድሬ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን እየገፋ፣ ውሃው ከጉልበቱ በታች፣ ፀሐይዋ ከትከሻው በላይ። ይህቺን አንድ ፎቶ አደራ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ፎርት ጂሰስንም አየሁ። ፖርቹጋሎች በ1593 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ምሽግ ነው፤ ፋሲል ጎንደርን ሳይቆረቁር 40 ዓመት ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። ግድግዳው ኮራል የሚባለው የባህር ድንጋይ ነው። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ሲያርፍበት የበሶ መልክ ይይዛል። አርባ ደቂቃ አንድ ጥግ ቆሜ ጥላው ሲዞር ጠበቅኩ፣ «ቶሎ በል ሙሽሮቹ ደከማቸው» የሚለኝ ፕሮቶኮል አልነበረም። የመጣሁበትን ነገር ያገኘሁት እዚያ ጥግ ላይ ነው ብል አልዋሽም።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። የጥር ሙሽራ ነው። «ኤዲቱ አልቋል?» ይህኛው እንኳን ልክ ነው፣ ዘግይቼበታለሁ፤ ቀብዱንም በልቼዋለሁ። ምናልባትም የቀብዱ ከፊል ያኔ በኮኮናት ውሃ መልክ እጄ ላይ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሕዝብ የሚዋኝበት ባህር ዳርቻ ላይ ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጆች አሉ። ሥራቸው ነው። ቤተሰብ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይነሳል፣ ይከፍላል። በቃ! ክፍያው በስልክ ነው፣ ኬንያዎች ኤምፔሳ ከጀመሩ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ትውልድ አድጎበታል። አንዲት እናት ልጆቿን አሰልፋ አስነሳችና ሳትጠየቅ ስልኳን አወጣች። «የዘመድ ዋጋ አድርግልን» የለ። «ጥሩ ከወጣ እንከፍላለን» የለ። አፌን ከፍቼ አየኋት። እኛም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴሌብር አለን፤ ግን «ሂሳቤ ላይ ያለው የቤት ኪራይ ነው» ትባላላችሁ።

በዚህ ስቆጭ አንዱ ልጅ መጥቶ «ፒቻ?» አለኝ። ፎቶ ማለቱ ነው። እውነትም የራሴ ፎቶ የለኝም። እሺ ብዬ ባህሩን ከኋላዬ አድርጌ ቆምኩ። ስንት ነው? ነገረኝ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ኧረ ቀንስ፣ አንዴ ጠቅ እኮ ነው!»

በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፣ ግን ያው ነው። ልጁ የእኔን ካሜራ አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም አላለም። ሙሉውን ከፈልኩ። ጨምሬም ሰጠሁት። ይህንን መጻፍ አልነበረብኝም፣ ግን አንዴ ጀመርኩት።

ሰኞ ተመለስኩ። ያቺን የዓሣ አጥማጁን ፎቶ ማታውኑ ገጼ ላይ ለጠፍኩ። ሐሙስ ዕለት ጓደኛዬ አንድ ሊንክ ላከልኝ። የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ማስታወቂያ ነው። «ቅዳሜና እሁድን በላንጋኖ! ምሳና ትራንስፖርትን ጨምሮ!» ሥዕሉ የእኔ ነው። ዓሣ አጥማጄ፣ ጀልባው፣ ፀሐይዋ። ላንጋኖ! የላንጋኖን ውሃ የማያውቅ አለ? ቡናማ ነው፣ ሻይ በወተት ነው የሚመስለው። የእኔ ባህር ሰማያዊ ነው። አስተያየት መስጫው ላይ ሰው «ዋው፣ አገራችን!» ይላል። ጻፍኩላቸው። መልሱ በደቂቃ መጣ፦ «ወንድም፣ እኛ ከኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘነው።» ኢንተርኔት ላይ የበቀለ ነው የመሰላቸው። እኔ ለዚያች ፎቶ ኤሲ አጥፍቼ በላብ አድሬያለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴም አልተደሰተም። «ጀምበር መጥለቂያው የለም እንዴ?» አለኝ። መውጫውን ሰጠሁት፤ ልዩነቱን ማን ያውቃል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችዋ የልጇን ልደት አይታ «ዳቦው ይታያል» ብላ አኮረፈች።

አሁን ይህን የምጽፈው በጨለማ ነው። መብራት ከ10 ሰዓት ጀምሮ የለም፣ ላፕቶፑ 37 በመቶ ላይ ነው። ከ37ቱ ለናንተ የምሰጣችሁ ጥቂቷን ነው፣ ሥራ አለብኝና።

ምድር ቤት ያሉት እማማ፣ ምንም ያልጠየቁኝ ብቸኛዋ ሰው፣ ትናንት ማታ አራት ፎቅ ወጥተው በሬን አንኳኩ። ቁጭ አሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። የያዙትን ፌስታል ፈቱ፤ ውስጡ ትኩስ አምባሻና የተጣጠፈ ጥለታም ቀሚስ።

«ልጄ፣ እኔ እንግዲህ ባሕሩን ሳላየው መሞቴ ነው። አንተ በኮምፒተር ሰው ታስገባለህ አሉ። እዚያ አስገባኝ።»

«እማማ፣ እሱ ትንሽ ሥራ አለው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አምባሻ የያዝኩት።»

ምን ትላላችሁ? ቀሚሳቸውን ለብሰው ነጠላቸውን አጣፍተው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ፤ አነሳኋቸው። ሙያውን ለማታውቁ ልንገራችሁ፣ ከፎቶ ላይ ቆርጦ ለማውጣት ነጠላን የሚያህል ፈተና የለም። ጥለቱ ይሁን፣ ጫፉ ላይ ያሉት ዘርፎች ግን እያንዳንዳቸው ክር ናቸው፤ በመካከላቸው የኮሪደሩ አረንጓዴ ግድግዳ ይታያል። አንድ በአንድ ነው የምለቅመው። ባህሩ ላይ ፀሐይዋ ከግራ ነው፣ እሳቸው ላይ የኮሪደሩ መብራት ከቀኝ ነው፤ ፊታቸውን ገልብጬ አስተካከልኩት። ጥላቸውን ሠርቼ አሸዋው ላይ አስተኛሁት። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ።

ዛሬ ከሰዓት ወርጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። ዝም አሉ። ዓሣ አጥማጁን በጣታቸው ነኩት። ዓይናቸው ሲረጥብ አይቻለሁ፣ እኔም ጉሮሮዬ ተያዘ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ወደ ስልኩ ታችኛው ጫፍ ተጠጉ።

«አሸዋ ላይ በጫማ ይቆማል እንዴ? ቶሎ አውልቅልኝ፣ አንዴ ጠቅ አድርገው።»

34 በመቶ። ልሂድ፣ እግር መሥራት አለብኝ።