ሌሊት 11 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ትምህርት ሲዘጋ ብቻውን አገር ቤት ሄዶ ነበር። አማርኛ ይሰማል፣ ማንበብ ግን አይሆንለትም። ባሕር ዳር ያለችው አክስታችን «አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል፣ እንዳያመልጥህ» ብላ ጻፈችለት። እሱ መልእክቱን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጠው። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ «እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ሰዓት ሲቀረው» አለው። አውቶቡሱ የሚነሳው ግን ሊነጋጋ ሲል ነው። ልጁ ሻንጣውን ይዞ በዚያ ጨለማ ደረሰ። አንድ ጥበቃ «አይ የኔ ልጅ፣ ገና ነው» ብለው አጠገባቸው ባያስቀምጡት ምን ይውጠው ነበር?

ማሽኑን ለመንቀፍ አይደለም። እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። የኢንሹራንስ ውል፣ የሐኪም ወረቀት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስረዳኛል። ድሮ ለዚህ ቋንቋ የሚችል ሰው ደጅ እንጠና ነበር። ስለ አሜሪካ ስጠይቀው እንደ ውሃ ያወርደዋል፤ ስለኛ ስጠይቀው ይደናበራል። የሚማረው በኮምፒውተር ከተጫነ ጽሑፍ ነዋ! የኛ መጻሕፍት ደግሞ አብዛኞቹ ገና ከወረቀት አልወጡም።

እዚህ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሰው ባቡር ውስጥ ቁጭ ብሎ በስልኩ መጽሐፍ ይዋሳል፣ ያነባል፣ ያዳምጣል። ያውም በነፃ። አገር ቤት በ2014 አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትልቅ ነገር ነው። ለክፍለ ሀገር ተማሪ ግን አራት ኪሎ ሩቅ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። አውቶቡሱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ አጠገቡ የተቀመጡ አባት ስልካቸውን ከፍተው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያዳምጡ ነበር፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን። ልጁም ጆሮውን ጣል አደረገ። ደጀን ወጥተው ደብረ ማርቆስ እስኪደርሱ ሰውዬው ስለ ደራሲው ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ አጫወቱት። የጎጃም ሰው መሆናቸውን፣ መጽሐፉ በ1958 መታተሙን፣ ታሪኩም እሱ በመስኮት በሚያየው አገር የተፈጸመ መሆኑን ነገሩት። እዚህ ባቡር ላይ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚሄደው። ማን ለማን እንዲህ ያወጋል?

ልጁ አሁን «ፊደል አስተምሩኝ» እያለ ነው። እኔም አሳታሚዎቻችንን የምጠይቀው አለኝ፦ መጻሕፍቱን በስልክ እንዲነበቡ አድርጋችሁ ሽጡልን። የደራሲው መብት ይከበር፤ አዋጅ 410/1996 ደራሲው ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ገንዘቡ ለደራሲውና ለቤተሰቡ ይድረስ። ዳያስፖራው ለሠርግና ለልደት እንደሚያወጣው ለመጽሐፍም ያወጣል። እኔ ዛሬውኑ እከፍላለሁ።