ላዛኛውን ከሳሙና ጎን ላሳረፉት ክቡር ሰው

ሰሞኑን በአንድ ሱፐርማርኬት የልብስ ሳሙና መደርደሪያ ላይ፣ በሁለት የዱቄት ሳሙና ከረጢቶች መሃል፣ አንድ ፍሮዝን ላዛኛ ተጋድሞ ተገኘ። የካርቶኑ ማዕዘን ርሶ አብጧል፤ ከሥሩ የሳንቲም ስፋት ያላት ውሃ አቋጥሯል። «ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ» የሚለው ጽሑፍ ጣራ ጣራውን ያያል። አይታችሁታል። ላዛኛ ባይሆን ዶሮ፣ ዶሮ ባይሆን አይስክሬም፣ ከሳሙና መሃል ባይሆን ከካልሲ መሃል አይታችሁታል። ስለዚህ ምን ማለት እንደሆነ በማስረዳት አልደክምም። ዛሬ የተነሣሁት ለማመስገን ነው።

ክቡርነትዎ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!

በቅድሚያ ቁጠባዎን እናድንቅ። ፍሪዘሩ ያለው ከሦስት መደርደሪያ ወዲያ ነው። ዕቃውን ወደ ቦታው መመለስ ግፋ ቢል አርባ እርምጃ ይፈጃል። እርስዎ ግን ጉልበትዎን ለታላቅ ጉዳይ ያስቀመጡ ሰው ስለሆኑ አርባዋን እርምጃ ቆጠቡ። ታላቁ ጉዳይ ምን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ ሲደርስ እናያለን።

ደግሞ ድፍረትዎ! ክላረንስ በርድስአይ የሚባል አሜሪካዊ ዛሬ የካናዳ ክፍል በሆነው በላብራዶር ብርድ ውስጥ ሲኖር፣ ከውሃ እንደወጣ በአንድ አፍታ በረዶ የሆነ ዓሣ ከወራት በኋላም ጣዕሙ እንዳልጠፋ አስተዋለ። ምስጢሩ ፍጥነት ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ሲረጋ ትልልቅ የበረዶ ክሪስታል ይሠራል፤ ክሪስታሉ የሥጋውን ሕዋስ ይበሳዋል፤ ሲቀልጥ ጭማቂው ይፈስና የሚቀረው ስፖንጅ ነው። በፍጥነት ሲረጋ ግን ክሪስታሉ ደቃቅ ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሰውየው በ1920ዎቹ ምግብ በቀዝቃዛ ብረት መሃል እየተጫነ በቶሎ በረዶ የሚሆንበትን ማሽን ሠራ፤ መጋቢት 6 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ እሽጉ ምግብ ለሸማች ቀረበ። ይህን ሁሉ ድካም ከሳሙና ጎን አስተኝቶ በአንድ ሰዓት ማፍረስ ለተራ ሰው አይሰጥም።

አሁን የላዛኛውን ጉዞ እንከተል። መዝሙር የሚገባው ስደት ነውና አትቸኩሉብኝ።

ብልጣብልጦች ፍሮዝን ዕቃ የሚያነሱት በመጨረሻ፣ ወደ ካሸሩ ሲያቀኑ ነው። ክቡርነታቸው ግን ገና ከበሩ እንደገቡ ላዛኛውን አንሥተው ጋሪው ወለል ላይ ጣሉት፤ ከላዩ ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ አስተኙበት፣ እንዳይበርደው። ከዚያ ወደ ፍራፍሬ። አንድ ሐብሐብ መታ መታ አድርገው አዳመጡ፤ ሁለተኛውን አዳመጡ፤ የሦስተኛው ድምፅ የመጀመሪያውን ስላስታወሳቸው ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ስልክ ተጠራ። ፓስታው ጋ ቆመው ሃያ ደቂቃ አወሩ፤ ክርናቸውን ያሳረፉት ዳቦው ላይ፣ ዳቦው ያረፈው ላዛኛው ላይ። ላዛኛው በዚህ ጊዜ ጠርዝ ጠርዙን ላብ ጀምሮታል።

ስልኩ ሲዘጋ «ለወቅቱ ብቻ» የሚል የተለጠፈበት የቸኮሌት ማማ ፊታቸው ተገተረ። ያው ዓመቱን ሙሉ የሚሸጠው ቸኮሌት ነው፤ አሁን ግን የኮከብ፣ የደወልና የጥንቸል ቅርጽ ይዟል። ዋጋውን በግራም ቢያካፍሉት ጥንቸሏ ከተራው ቁራጭ ትበልጣለች፤ ሆዷም ባዶ ነው፣ የተሸጠልዎ ግማሹ አየር ነው። ክቡርነታቸው ግን በግራም አያስቡም፣ በወቅት ነው የሚያስቡት። ጥንቸሏን አነሱ፤ ኮከቡን አነሱ፤ ደወሉ ለብቻው መቅረቱ አሳዘናቸውና እሱንም አነሱ። ሒሳቡ ከበዳቸው። ከጋሪው አንድ ሰው መውረድ አለበት። ጉዳዩ በሳሙናው መደርደሪያ ፊት ለፊት ለችሎት ቀረበ፤ ዳኛው እሳቸው፣ ከሳሹ እሳቸው፣ ተከሳሹ ላብ ያሰጠመው ላዛኛ። ወደ ፍሪዘሩ ዞር ብለው አዩ። ሩቅ ነው። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ነውና ግራ ቀኝ ገላመጡ፤ ላዛኛውን ከሳሙናዎቹ መሃል አስተኙት፤ አንዱን ከረጢት እንደ ጋቢ ጎተት አድርገው ሸፈኑት፤ እያፏጩ ሄዱ።

ሳሙናዎቹም ተቀበሉት። እንግዳ አይገፋምና።

ሥራዎ ደግሞ ጥበብ አለው፣ ክቡርነትዎ። ላዛኛው የሚቀልጠው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ስጎውና ቺዙ ጠርዙ ላይ ሲለሰልሱ መሃሉ ገና ድንጋይ ነው። ካርቶኑን መሃሉን ጫን ብሎ የሚፈትሽ ሁሉ «ደህና ነው» ይላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ደቀ መዛሙርትም አፍርተዋል። አንዱ ሕሊና ያለው ነው፤ ፍሮዝን ዶሮውን ለስላሳ መጠጥ ያለበት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ «ቀዝቃዛ ነው እኮ!» እያለ። ፍሪጁ ከዜሮ በላይ 4 ዲግሪ ነው፤ ዶሮው የሚፈልገው ከዜሮ በታች 18። ሲያድር ይቀልጥና ጭማቂው ታች ባሉት ጠርሙሶች ላይ ይንጠባጠባል። ሌላው አፉ ክፍት የሆነው ፍሪዘር ጋ ይመለሳል፤ ነገር ግን ከጎኑ ከተሰመረው የመሙያ መስመር በላይ ይከምረዋል። ከመስመሩ በላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር አይደርሰውም፤ መስመሩ ለጌጥ የተሳለ ይመስለዋል መሰለኝ።

የሁሉም ቁንጮ ግን ደጉ ሰው ነው። ላዛኛውን ከሳሙናው መሃል ያገኘዋል፣ ያዝንለታል፣ ወደ ፍሪዘር ይመልሰዋል። ማታ ላይ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ከወንድሞቹ ማን ይለየዋል? ፊርማዎን የሚያውቁ ብቻ። የፍሮዝን አተር ከረጢት ሲነቀነቅ እንደ ጠጠር መንኳኳት አለበት፤ አንድ ጡብ ከሆነ ቀልጦ እንደገና የረጋ ነው። ካርቶኑ ደርቆ ከተሸበሸበ፣ በላስቲኩ ውስጥ ወፍራም በረዶ ከተጋገረ፣ ያው ነው። አይስክሬም ከይዘቱ እስከ ግማሽ ድረስ አየር ሊሆን ይችላል፤ አንዴ ቀልጦ ሲረጋ አየሩ ስለሚያመልጥ ከክዳኑ ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ምላስ ላይም እንደ አሸዋ ይሻክራል። ጥንቸሏ ቸኮሌት እንኳ ሞቃት ቦታ ተረስታ ስትቀዘቅዝ አመድ የመሰለ ነጭ ትለብሳለች፤ ያ ቅባቷ ወደ ላይ ወጥቶ ነው እንጂ አይጎዳም። እሷስ አመል አላት፣ ጥፋቷን ፊቷ ላይ ታሳያለች። ላዛኛው ነው ዝም የሚለው።

«ማይክሮዌቭ ይገድለው የለ?» የሚሉ ጠበቆችዎን ሰምቻለሁ። ግሩም ጥያቄ ነው። በረዶ ማድረግ ባክቴሪያን በአብዛኛው አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሃል ስትነቃ ትራባለች፤ ሲመቻት በየሃያ ደቂቃው እጥፍ ትሆናለች። ለዚህ ነው ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ ይጣል የሚባለው፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ። ማይክሮዌቭ ደግሞ የቀለጠ ውሃን እንጂ በረዶን በቅጡ አያሞቅም፤ ጠርዙ ሲፈላ መሃሉ በረዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ላስቲኩን በሹካ በስቶ፣ በግማሹ አውጥቶ የሚማሰለውን ምግብ አማስሎ፣ የማይማሰለውን አዙሮ፣ ሲያበቃም ሁለት ደቂቃ አሳርፎ መሃሉ 74 ዲግሪ መድረሱን ማየት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የምትባለው ባክቴሪያ ስትራባ የተወችው መርዝ ቢፈላ አይጠፋም።

እና አንተ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ያን ላዛኛ የምትገዛው እርጉዝ ልትሆን ትችላለች። ለካንሰር ኬሞ ላይ ላለ ወንድሟ ልትወስድለት ትችላለች። አታውቃት፣ አታውቅህም፤ ሲያማቸውም «ምን በላን?» ይላሉ እንጂ አንተን አያስቡህም። ለአርባ እርምጃ! መደርደሪያ የሚያስተካክለው ልጅ ካገኘው ስንት ሰዓት እንደቆየ ስለማያውቅ መጣል አለበት፤ የጠፋው ዕቃ ሲቆጠር የሚጠየቀው ግን እሱ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። መመለስ ካቃተህ እኮ ካሸር ጋ አድርሰህ «ይሄ ይቅርብኝ» ማለት ነው። ሁለት ቃል። ማንም አይገርፍህም።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ አንደበቴ አመለጠኝ።

ወደ ምስጋናው እንመለስ። ለእርስዎ የሚገባው ሐውልት ነው። በሳሙናው መደርደሪያ ጥግ፣ ግራ እጅ ላይ ጥንቸል፣ ቀኝ እጅ ላይ ላዛኛ፣ ዓይኖች ግራና ቀኝ የሚያማትሩ። ከበረዶ ቢቀረጽ ይመረጣል። ምረቃው ላይ እርስዎ ራስዎ ሪባኑን ይቆርጣሉ፤ መቀሱንም ሲያበቁ ያገኙት ቦታ ጣል ያደርጉታል።

ለጊዜው ግን ወረፋው ላይ ነን። የጽዳት ሠራተኛዋ ያንጠባጠበውን ላዛኛ በሁለት ጣት አንጠልጥላ ካሸሩ ፊት አኖረችው። «ይሄ የማነው?» አለች። አንዱ ስልኩን ጠረገ። አንዷ የማስቲካውን ዋጋ ማንበብ ጀመረች። ሦስት ቸኮሌት የታቀፉ አንድ ሰው ጣራውን እያዩ ማፏጨት ያዙ።