«ብሬኪንግ» ላይ ዝርፊያ የለም

ስለ «ብሬኪንግ» ፊልም (እ.ኤ.አ. 2022) የምታወሩ ወገኖች፣ ጆን ቦዬጋ የሚጫወተው የቀድሞ ወታደር «ባንክ ሊዘርፍ ገባ» የሚለው አባባል ስሕተት ስለሆነ በትሕትና ላርመው። ቦምብ ይዣለሁ ብሎ ሰዎችን ማገቱ እውነት ነው፤ ከባድ ጥፋትም ነው። የባንኩን ገንዘብ ግን አልፈለገም። የጠየቀው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከትምህርት ክፍያ ጋር በተያያዘ ዕዳ ምክንያት የያዘበትን የአካል ጉዳት አበል ነው፤ 892 ዶላር ብቻ።

ለማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ፊልሙ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል መጀመሪያ ሲታይ ርዕሱ ራሱ «892» ነበር። መነሻው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በጆርጂያ ግዛት የደረሰ እውነተኛ ድርጊት ስለሆነ የወቅቱን ዜናም ማየት ይቻላል። ዝርፊያ እየጠበቀ የሚያይ ሰው ረጃጅሞቹ የስልክ ንግግሮች ይሰለቹታል፤ የፊልሙ ልብ ያለው ግን እዚያ ነው።