ሰማይ ይከሰስልን

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት አባቶቻችን አንድ ነገር አልታያቸውም። ሰማይ ባይታረስም ይከሰሳል። ይህን ጥበብ አሟልተን የያዝነው እኛ፣ በሎጎ ሐይቅ ዙሪያ ያለን ወለዬዎች ነን፤ እስካሁን ያመሰገነን ስላልተገኘ ምስጋናውን ራሴ ላቅርብ።

ክሱ አጭር ነው። ሐይቁ ጎደለ። ማን አጎደለው? የአየር ንብረት ለውጥ። በቃ፣ መዝገቡ ተዘጋ፤ አቦሉ ይቀዳ።

እንደ ሰማይ ያለ ተከሳሽ ከየት ይገኛል? መጥሪያ አይደርሰው፣ ይግባኝ አይጠይቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አማች የለውም። ጎረቤትህን «ሌሊት ሌሊት ውኃ ትስባለህ» ብትለው በሠርግም በለቅሶም ያኮርፍሃል፤ ሽማግሌ መላክ፣ እርቅ ማውረድ ሊመጣ ነው። ሰማይን ብትከስ ግን የሚቀየምህ ዘመድ የለም። በፍቅር ለሚታወቅ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ወንጀለኛ አይገኝም።

ክሱ ሐሰት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይበረክትም ነበር፤ ጥንካሬው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ሎጎ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ጥልቁ ቦታ ላይ 88 ሜትር ተለክቷል፣ ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ ግን የለውም። የሚገባለት ዝናብና ከተራራው የሚወርደው ወራጅ ነው፤ የሚወጣበት በር በዋናነት ፀሐይ ናት። አየሩ ሲሞቅ ትነቱ ይጨምራል። በልግ ሲዘል ወራጁ ይቀንሳል፤ በልግ መዝለሉን ደግሞ ወሎ ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። እዚህ ድረስ ሰማይ ጥፋተኛ ነው፣ እኔም እመሰክርበታለሁ።

አሁን ወደ ንጹሖቹ እንምጣ። አንዷ ባለ ሁለት ኢንች ሞተር በሰከንድ 10 ሊትር ትስባለች እንበል። በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠራ 288 ሜትር ኩብ ነው። ለሐይቁ ይህ ምንም አይደለም፤ ባለቤቷም «የኔ እኮ ትንሽ ናት» ሲል እውነቱን ነው። እንደ እሷ ያሉ መቶ ትንንሾች ይኑሩ እንበል፦ በስምንት ቀን 230,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ማለት ከመላው ሐይቅ ፊት ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር መግፈፍ ነው። በጋው አራት ወር ከዘለቀ፣ 15 ሳንቲ ሜትር። ድሮ ውኃ ነበር ሰውን እያሳሳቀ የሚወስደው፤ ዛሬ ሰው ውኃን እያሳሳቀ መውሰዱን ተካነበት።

የሰማይ ከሳሾች ይህን ሒሳብ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። «ፀሐይዋስ? እሷ እኮ በሦስት ቀን ሳንቲ ሜትሩን ትጨርሰዋለች!» ልክ ናቸው። ፀሐይ ከመቶ ሞተር በላይ ትወስዳለች። ነገር ግን ፀሐይ ከሐይቁ ጋር የሺህ ዓመት ደንበኛ ናት፤ የሷን ድርሻ ዝናቡና ወራጁ በዓመቱ ሲተካላት ነው ሐይቁ ከፍታውን ይዞ የኖረው። በዚህ በተዘጋ ሒሳብ ላይ አዲስ ወጪ የጻፍነው እኛ ነን፣ የሚተካውም የለም። ይባስ ብሎ ሁለቱ ይረዳዳሉ፦ ሰማይ በደረቀ ዓመት ማሳው ይጠማል፣ ማሳው ሲጠማ ሞተሯ ረጅም ሰዓት ታድራለች። በጥጋቡ ዓመት ያላጠጣነውን በችጋሩ ዓመት እናጠጣለን፤ ሐይቁ በሁለት በኩል የሚገፈፈው ያኔ ነው።

ከላይ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ ወደ ሎጎ የሚወርደውን ወንዝማ አላነሳሁትም። እሱ መንገድ ላይ ይጠለፋል። ከጠለፋና ከቦይ ተርፎ ሐይቁ ዘንድ የሚደርሰው ምን ያህል እንደሆነ ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፦ ዝናብ ጠፋ።

አንድ ባለ ሞተር አጎቴን ጠይቄያቸው ነበር።
«አጎቴ፣ ሐይቁ አልሸሸም?»
«እንዴታ! ይሄ የአየር ንብረት የሚሉት ጨረሰን።»
«የርስዎ ሞተርስ?»
«ልጄ፣ የኔዋ እኮ ሁለት ኢንች ናት። ባለ ሦስት ኢንቹ ማዶ ነው ያለው።»
ማዶ ተሻገርኩ። ባለ ሦስት ኢንቹ ሰውዬ የወንዙን ጠላፊዎች አሳዩኝ። ጠላፊዎቹ ሰማዩን አሳዩኝ። ጥቆማ በዚህ አገር ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው።

ትጋታችን ግን በመክሰስ አያበቃም፤ እንለምናለንም። ክርስቲያኑ ምሕላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፤ በአንድ ደጅ ሁለቱን ማየት ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔም ዝናብ ሊለመን በተቀመጡበት ተገኝቻለሁ። ከሰሉ ተጫረ፣ ጫቱ ተዘረጋ፣ ለምለም ነው፣ ውኃ ጠግቧል። ከየት ጠጣ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ነውር ነው። አሚን ብዬ ቀጠፍኩ።

ታሪክ አዋቂዎቻችንም ሊመሰገኑ ይገባል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የከበሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ እዚሁ ሎጎ ሐይቅ ውስጥ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባል። «ያኔ ሞተር ነበር?» ይላሉ አዋቂዎቹ። አልነበረም። «እንግዲያስ ሞተር ምን አደረገ?» (በዚህ አያያዝ፣ ቃየል አቤልን ሲገድል ጠመንጃ ስላልነበረ ጠመንጃ ሰው አይገድልም።) ሐይቅ ያለ ሰው እጅም ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ጥያቄው አሁን ስለሚጎድለው ነበር፣ ግን እሺ።

አፈ ታሪኩ ከዚህም ይረዳናል። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር ሴት በደለች፤ ፈጣሪ ተቆጥቶ ሴትየዋ ከተቀመጠችባት መሬት በቀር አገሩን ውኃ አደረገው፤ ሐይቁ እንዲያ ተፈጠረ ይባላል። እንግዲህ በበደል የብስ ውኃ ከሆነ፣ ውኃው ተመልሶ የብስ ሲሆን ጽድቃችን መጨመሩ አይደል? በማግስቱ ባሕር ሸሹን፣ ውኃው የለቀቀውን መሬት፣ ቀድሞ የደረሰው ያርሰዋል። ጭቃው ሳይደርቅለት በሬውን ይዞ የገባ ጻድቅ አይቻለሁ።

የሚያበሳጨው ሰማይ በየአገሩ አንድ ዓይነት አለመመስከሩ ነው። መተሐራ ላይ ከዚህ የከፋ ሙቀት አለ፤ የበሰቃ ሐይቅ ግን በ60 ዓመት ውስጥ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ ሆኗል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ከመስኖ የሚተርፈው ውኃ ነው ይባላል። የሐረርን ከተማ ያጠጣ የነበረው ሐሮማያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ጫቱም፣ አትክልቱም፣ ከተማውም ከእሱ ይስቡ ነበር። ከደረቀ በኋላ ወለሉ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው መሳብ ቀጠሉ። እንዲህ ነው ቆራጥነት! እኛ ገና ነን፤ 88 ሜትር ይዘን ከእነሱ ጋር አንወዳደርም።

በየጊዜው የሚደረገውን ምክክር ብዘለው ግፍ ይሆንብኛል። ባነር ይሰቀላል፤ ባነሩ ላይ ሐይቁ ሞልቷል፣ የድሮ ፎቶ ነው። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ ይደረደራል። አቅራቢው የዓለም ሙቀት ስንት ዲግሪ እንደጨመረ በስላይድ ያሳያል። ከኋላ አንዱ ተነሥቶ «በሐይቃችን ዙሪያ ስንት ሞተር አለ?» ቢል ጥያቄው ከርዕሱ ውጭ ነው ይባላል፤ ሰዓቱም ሄዷል፣ አበሉም አልተፈረመም። የውሳኔ ሐሳቡ ላይ ችግኝ ይጻፋል። ችግኙ ሐምሌ ላይ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ጥር ላይ የሚያጠጣው ከተገኘ የሚጠጣው ከየት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በዚህ ሁሉ መሐል የሐይቁን ሽሽት በሜትር የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፣ ለምክክሩም ተጠርቶ አያውቅም። የውኃ ጎማ ሻጩ ነው። ሞተሯ ውኃው አፍ ድረስ ልትወርድ ስትል፣ ማሳው ግን ባለበት ሲቀር፣ ጎማው ይረዝማል፤ ደንበኛም በየዓመቱ የሚገዛው ተጨማሪ ሜትር እየበዛ ይሄዳል። ሰውዬው ስለ ሰማይ አያወራም። ደንበኛው ሱቁ በር ላይ ቆሞ የአየር ንብረት ለውጥን ሲረግም ጸጥ ብሎ ይሰማና፣ ጥቅልሉን እየፈታ ይጠይቃል፦ «ዘንድሮ ስንት ሜትር ልጨምርልዎ?»